ሲጋራ ትቶ ሱረት መያዝ ከድጡ ወደ ማጡ ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ከዚህ በታች ያለውን አሳቤን ለአንባብያን በተመደበው ዓምድ ላይ ያወጡልኝ ዘንድ በትሕትና እጠይቃለሁ። ጽሑፌ ረዘም ቢል፤ ነገሩ የኔ ብቻ ሳይሆን የብዙ ሰው ነገር ስለሆነ በትዕግሥት እንዲመለከቱልኝ ተስፋ አለኝ።

ሲጋራ ማጨስ ጤናን የሚጎዳ መሆኑን ዛሬ የማያውቅ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ይገኛል ለማለት አልደፍርም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በመሥሪያ ቤት ውስጥና ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ሁሉ ማጨስን ከልክሏል፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰውም ጥምባሆ እንዳይሸጥ ደንግጓል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ባልንጀሮቼ ሲጋራን ለመተው ቆርጠው ሲነሡ አይቻለሁ። ይህም እጅግ የሚያስመሰግን ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን መተዋችን ሳይሆን የምንተውበት መንገድ ነው።

አንዳንዶቻችን ሲጋራውን ከእጃችን ጥለን፤ በምትኩ ሱረት ወይም የተፈጨ ጥምባሆ ቆንጥረን ከከንፈራችን ሥር እንወሽቅና «ተውሁት» እንላለን። ጭሱ አይታይም፤ ሽታው ጎረቤት አያውክም፤ ዘበኛ አይቆጣም፤ ሰውየውም ፋይሉን እንደያዘ ከጠረጴዛው ሳይነሣ ሱሱን ይወጣል። በዚህም ምክንያት ከክፉ ነገር ያመለጠ ይመስለዋል። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመንቀፍ አይደለም፤ ከነዚህ ሰዎች አንዱ እኔው ራሴ ስለነበርሁ ነው።

እኔ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ዕድሜዬ ሠላሳ ስድስት ነው። ያደግሁትና የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲሆን፤ በዚያ በኪሱ ጥምባሆ የተገኘበት ልጅ ወላጁን ሳያመጣ ወደ ክፍል አይመለስም ነበር። ይሁን እንጂ ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ሌሊት ለፈተና ስናጠና ማጨስ ጀመርሁ። ከዚያም አሥራ አራት ዓመት ያህል በቀን አንዳንዴ አሥር፤ አንዳንዴ አሥራ አምስት ሲጋራ ሳጨስ ኖርሁ።

እንድተው ያደረገችኝ የአምስት ዓመት ልጄ ናት። አንድ ቀን ማታ ልስማት ጎንበስ ብል «አባዬ፤ ምድጃ ምድጃ ትሸታለህ» ብላ ፊቷን አዞረችብኝ። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ መክረውኝ ነበር፤ እንደዚህ ያለ ቃል ግን ልቤን ነክቶት አያውቅም። በማግሥቱ የቀረውን ሲጋራ ከነፓኬቱ ጣልሁት።

ሦስተኛው ቀን ላይ ራሴን ያመኝ፤ እንቅልፍ ይነሣኝ፤ በክፍል ውስጥም በትንሽ በትልቁ እቆጣ ጀመር። ይህን ያየ አንድ የሥራ ጓደኛዬ በእረፍት ሰዓት ጠራኝና በላስቲክ የተቋጠረ ነገር በእጄ አስጨበጠኝ። «እንካ፤ ይኼ አይጨስም፤ ሳንባህንም አይነካ። ትንሽ ቆንጥረህ ከታችኛው ከንፈርህ ሥር አድርገው» አለኝ። በሱዳን ጠረፍ በኩል የመጣ ቶምባክ የሚሉት ጥምባሆ መሆኑንም ነገረኝ። ወዳጄ የሰጠኝ ለደግ አስቦ እንጂ ለክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ራሱም ሲጋራ የተወው በዚሁ ነበር። መጀመሪያ ራሴን አዞረኝ፤ ምራቄም በዛ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ያ ሁሉ መቅበጥበጥ ጸጥ አለ። እንደዚህ አድርጌ ስምንት ወር ኖርሁ። ለባለቤቴም ለዘመድ ወዳጅም «ሲጋራ ተውሁ» ብዬ ተናገርሁ፤ የምስጋና ቃልም ሳላፍር ተቀበልሁ።

አንድ ቀን ትምህርት አብቅቶ ደብተር ስሰበስብ አንድ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪዬ ሰው እስኪወጣ ጠብቆ ቀረበኝና «ቲቸር፤ እኔም ሲጋራ ለመተው እርስዎ ከከንፈርዎ ሥር የሚይዙትን ልጀምር እንዴ? የት ይገኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። ልጁ ማጨሱን አላውቅም ነበር፤ የኔን ነገር ማወቁንም አላውቅም ነበር። «ነገ እነግርሃለሁ» ብዬ አሰናበትሁት። ነገር ግን ነገም ከነገ ወዲያም ምን እንደምለው ቸገረኝ።

በዚያው ሰሞን ቀዝቃዛ ውሃ በጠጣሁ ቁጥር የታች የፊት ጥርሶቼ ይጠዘጥዙኝ ስለነበር ወደ ጥርስ ሐኪም ሄድሁ። ሐኪሟ ከንፈሬን ገልብጣ እንዳየች «ጥምባሆ ይይዛሉ?» ብላ አልጠየቀችኝም፤ «ጥምባሆውን የሚያስቀምጡት ሁልጊዜ በዚህ በኩል ነው?» አለችኝ። እኔም እንደ ልማዴ «ዶክተር፤ ሲጋራ ከተውሁ ስምንት ወሬ ነው» ብዬ መለስሁ። እሷም «ሲጋራውን እንጂ ጥምባሆውን አልተዉም» አለችና መስታወት በእጄ ሰጠችኝ።

በመስታወቱ ያየሁትን አልረሳውም። ድዴ ከሁለት ጥርሶች ሥር ወደ ታች ሸሽቶ ቢጫው የጥርሱ ሥር ወጥቷል፤ ቅዝቃዜው የሚሰማኝም በዚያ በኩል ነበር። በከንፈሬ ውስጠኛ ክፍልም፤ ጥምባሆውን በማስቀምጥበት ቦታ ልክ፤ እንደ ረጠበ ወረቀት የተጨማደደ ነጭ ነገር ተነጥፏል። ሐኪሞች ሉኮፕላኪያ የሚል ስም የሰጡት እንደዚህ ያለው ነጭ ንጣፍ ሁሉ ነቀርሳ አይሆንም፤ አንዳንዱ ግን ወደ ነቀርሳ ሊለወጥ ይችላል። የትኛው እንደሆነ በዓይን አይቶ መወሰን ስለማይቻል ከላዩ ጥቂት ሥጋ ቆርጣ ለምርመራ ላከችው።

ውጤቱ እስኪመጣ አሥራ አንድ ቀን ጠበቅሁ። በነዚያ ቀናት ልጄን በዓይኔ ሳያት ምን እንዳሰብሁ ልጅ ያለው አንባቢ ያውቀዋል። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ነቀርሳ አለመሆኑ ተነገረኝ። ቶምባኩንም በዚያው ተውሁት። ነጩ ንጣፍ በስድስት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። የሸሸው ድድ ግን አልተመለሰም፤ ሐኪሟም በራሱ እንደማይመለስ ነግራኛለች።

ከዚህ በኋላ፤ አስቀድሞ ማድረግ የሚገባኝን ዘግይቼም ቢሆን አደረግሁ፤ ይኸውም ነገሩን መርምሬ ማወቅ ነው። ከቶምባኩ የተረፈውን ጥቂት በውሃ በጥብጬ በትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ ቀይ የሊትመስ ወረቀት ብነክርበት ወዲያው ሰማያዊ ሆነ። ይህም ማለት ነገሩ እንደ አመድ ውሃ ያለ ጠባይ አለው ማለት ነው። እንደዚህ የሚሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ቶምባክ ሲሰናዳ ሶዳ ይጨመርበታል፤ በሌሎች አገሮችም ጥምባሆውን ከአመድ ወይም ከኖራ ጋር የሚያደባልቁ አሉ። በዚህ ዓይነት ሲደባለቅ ኒኮቲኑ በአፍ ሥጋ በኩል በቀላሉ ሰርጎ ወደ ደም ይገባል። በአመድ ውሃ ልብስ ይታጠባል፤ ቀኑን ሙሉ በድድ ላይ የሚያስቀምጠው ግን ማን ነው? እኔ፤ የኬሚስትሪው መምህር፤ ስምንት ወር ሙሉ አስቀምጬዋለሁ።

ብዙ ሰው የጥምባሆ መርዝ በጭሱ ብቻ ያለ ይመስለዋል። እውነት ነው፤ ሳንባን የሚያቃጥለው፤ ልብንም ክፉኛ የሚጎዳው ጭሱ ነው። ነገር ግን ናይትሮዛሚን የሚባሉት ነቀርሳ አምጪ ነገሮች ለመፈጠር እሳት አያስፈልጋቸውም። ቅጠሉ ሲደርቅ፤ ሲብላላና ተከዝኖ ሲቀመጥ በራሱ ውስጥ ይፈጠራሉ። እንግዲህ ጥምባሆው ባይነድም እነርሱ አሉ፤ በምራቅ እየሟሙም በዚያው በተቀመጡበት ሥጋ ላይ ይውላሉ።

የዓለም የጤና ድርጅት ክፍል የሆነውና በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ የሚገኘው የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው ጥናት፤ ጭስ የሌለው ጥምባሆ በሰው ላይ የአፍና የቆሽት ነቀርሳ የሚያመጣ መሆኑን አረጋግጧል፤ በ2012 ደግሞ የምግብ ቧንቧን ነቀርሳ ጨምሮበታል። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ አገር በሰሜን ካሮላይና ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ ነበር። በዚህ ጥናት ሲጋራ ሳያጨሱ ሱረት በአፋቸው የሚይዙት ሴቶች፤ ከማይዙት ይልቅ በአፍና በጉሮሮ ነቀርሳ የመያዝ ዕድላቸው አራት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ለብዙ ዓመታት በያዙት ላይ፤ ጥምባሆው በሚነካው ድድና ጉንጭ ላይ የሚወጣው ነቀርሳ ወደ ሃምሳ እጥፍ ደርሷል።

በዚያው አገር ሾን ማርሲ የሚባል የኦክላሆማ ወጣት ሯጭ ነበር። ሲጋራ አያጨስም፤ ሱረት ግን ከከንፈሩ ሥር ይይዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984፤ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ሳለ፤ ከምላሱ በተነሣ ነቀርሳ ሞተ። ከሁለት ዓመት በኋላ በወጣው የአሜሪካ ሕግ በዚህ ዓይነት ጥምባሆ ዕቃ ላይ ሦስት ማስጠንቀቂያዎች እየተፈራረቁ እንዲጻፉ ታዘዘ። አንደኛው የአፍ ነቀርሳ ሊያመጣ እንደሚችል፤ ሁለተኛው የድድ በሽታና የጥርስ መርገፍ ሊያመጣ እንደሚችል፤ ሦስተኛው ደግሞ ለሲጋራ ምትክ የሚሆን አስተማማኝ ነገር አለመሆኑን የሚናገሩ ናቸው። ሦስተኛው ለኔ የተጻፈ መሰለኝ።

እዚህ ላይ «በስዊድን አገር እኮ ብዙ ሰው ሲጋራ የተወው እንዲህ ባለ ጥምባሆ ነው» የሚለኝ የተማረ አንባቢ አይጠፋም። ክርክሩ ዋጋ ያለው ስለሆነ በቅን ልመልስ። ስዊድኖች ስኑስ የሚሉትን ጥምባሆ ከከንፈር ሥር መያዝ የቆየ ልማዳቸው ነው። የአውሮፓ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1992 ሽያጩን ሲከለክል፤ ስዊድን በ1995 ወደ ማኅበሩ ስትገባ ከክልከላው ነፃ እንድትሆን ተፈቅዶላታል። የስዊድን ወንዶች ሲጋራ ማጨስ በመቀነሳቸው በሳንባ ነቀርሳ የሚያዙት ከብዙ የአውሮፓ አገሮች ወንዶች ያነሱ ናቸው። ሲጋራም ከሁሉ የከፋ ገዳይ መሆኑን አልክድም።

ነገር ግን ስኑስ ሌላ ነው፤ ቶምባክም ሌላ ነው። ስኑስ በፋብሪካ በእንፋሎት የሚሞቅና ናይትሮዛሚኑ እንዲቀንስ ተደርጎ በቁጥጥር የሚሠራ ነው። ቶምባክ ግን የሚብላላ ሲሆን፤ በውስጡ የተገኘው የናይትሮዛሚን መጠን በዓለም ከተመረመሩት የጥምባሆ ዓይነቶች ሁሉ እጅግ ከፍተኛ ከሆኑት ወገን ነው። በላስቲክ ተቋጥሮ በእጅ ለእጅ የሚመጣውን ነገር ማን መዘነው? ማንስ መረመረው? ስኑሱም ቢሆን በሚቀመጥበት ቦታ ድድን ያሸሻል፤ የአፍንም ሥጋ ይለውጣል። ስለዚህ የስዊድንን ስም ጠርቶ የገበያ ቶምባክ መያዝ፤ ሌላ ሰው በተሻገረበት ድልድይ ተመክቶ ወንዝ ውስጥ እንደ መግባት ነው።

ሌላው ክርክር «አባቶቻችን ሱረት ሲስቡ ኖረው ምን ሆኑ?» የሚል ነው። አያቴ ሱረታቸውን በትንሽ ቀንድ ይዘው የሚዞሩ ሰው ነበሩ። በስተርጅና ዘመናቸው ጥርስ ስላልነበራቸው እንጀራው በወጥ እስኪርስ እየጠበቁ ሲበሉ አስታውሳለሁ። እኛም «እርጅና ነው» እንል ነበር። ከንፈራቸውን ገልብጦ ያየ ሐኪም ግን አልነበረም። ያልተመረመረ ነገር እንደ ደህና ሊቆጠር አይገባውም።

ከሁሉ ይልቅ ግን ይህ መንገድ ሰውን ከሱሱ አያወጣውም። አንድ ሲጋራ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ ከከንፈር ሥር የተወሸቀው ቁንጣሪ ግን ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይቆያል፤ ኒኮቲኑም በደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይሰነብታል። ብዙ ሰውም በመጨረሻ ሁለቱንም ይዞ ይቀራል፤ በቢሮ ሱረቱን፤ ማታ ከቡና በኋላ ሲጋራውን። የጥምባሆ በር ተለወጠ እንጂ ጥምባሆው ከቤት አልወጣም።

ሲጋራ ለሚተዉ ባልንጀሮቼ አንድ ልዩ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሲጋራ በተተወ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በብዙ ሰው አፍ ውስጥ ትንንሽ ቁስሎች ይወጣሉ፤ ድድም ከቀድሞው ይልቅ ይደማል። ሲጋራ የድድን የደም ሥር እያጠበበ በሽታውን ሸፍኖት ስለሚኖር፤ ሲተው የተሸፈነው ይገለጣል። ይህን ያላወቀ ሰው «ሲጋራው ይሻለኝ ነበር» ይላል፤ ወይም በቆሰለው አፉ ላይ ሱረት ይጨምርበታል። መተው የሚያመጣው ትንሽ ቁስል በራሱ ይድናል። ሁለት ሳምንት አልፎት ያልዳነ ቁስል፤ ሲፍቁት የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ንጣፍ፤ እብጠት፤ ወይም ያለ ምክንያት የሚነቃነቅ ጥርስ ቢገኝ ግን ቀጠሮ ሳያሳልፉ ለሐኪም ማሳየት ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

እንግዲህ ምን ይደረግ? በታሪካችን ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዘመነ መንግሥታቸው ጥምባሆን አጥብቀው ከልክለው ነበር፤ የሚያጨሰው ከንፈሩን፤ ሱረት የሚስበውም አፍንጫውን ይቆረጥ እንደነበር የጊዜው የውጭ አገር ተጓዦች ጽፈዋል። የዛሬው ሰው የሚሻው ግን ምክርና እርዳታ ነው እንጂ ቅጣት አይደለም።

በመጀመሪያ፤ የሚተው ሰው ጥምባሆን በማናቸውም መልክ ይተው። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ከሁሉ የከፉ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ጭንቀቱ በሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። እኔን የረዳኝ የጥንቱ መፋቂያችን ነው፤ እጄም አፌም ሥራ አልፈቱም፤ ጥርሴም ተጠቀመ። ቆሎና ውሃም በጠረጴዛዬ ላይ አይጠፉም።

ሁለተኛ፤ ያለ መድኃኒት ለማይሆንለት ሰው በሐኪም ምክር የሚወሰድ የኒኮቲን ማስቲካና በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር አለ። የዓለም የጤና ድርጅት ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አግብቷቸዋል። እነዚህ በልክ ተመጥነው የሚሰጡና እየተቀነሱ የሚያበቁ ናቸው፤ የጥምባሆ ቅጠልም የለባቸውም። ይሁን እንጂ እኔ ሦስት መድኃኒት ቤት ዞሬ አላገኘሁም። ቶምባኩ ግን ሳልፈልገው ከእጄ ገብቶ ነበር። ጎጂው ነገር በቅርብ፤ መድኃኒቱ በሩቅ ከሆነ፤ ምክር ብቻውን ምን ይረባል? የሚመለከታቸው ባለሥልጣኖች ይህን እንዲያስቡበት በአክብሮት አሳስባለሁ። አገራችን በ2006 ዓ.ም. ያጸደቀችው ዓለም አቀፍ የጥምባሆ ቁጥጥር ስምምነትም፤ መከልከልን ብቻ ሳይሆን መተው የሚፈልገውን ሰው መርዳትን ያዛል።

ሦስተኛ፤ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ስለ ሱረትና ስለ ቶምባክ ግን አንድ ቃል አይገኝም። በጽሑፉ ላይ አንድ መስመር ቢጨመርበት፤ በመሥሪያ ቤት ክሊኒክ የሚሠሩ ሐኪሞችም ሲጋራ ተውሁ የሚለውን ሰው «በምን ተውከው?» ብለው ቢጠይቁት ብዙ ወጪ የሚያስከትል አይደለም። እኛም መምህራን ስለ ጥምባሆ ስናስተምር በሳንባ ሥዕል ብቻ ባንወሰን መልካም ነው።

ተማሪዬን በመጨረሻ ጠራሁት። ብዙ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉንም ተውሁና ከንፈሬን ገልብጬ አሳየሁት። የሸሸውን ድድ አየ፤ ሐኪሟ የቆረጠችበትንም ቦታ አየ። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «እርስዎ ሁለቱንም ትተዋል?» አለኝ። «አምስተኛ ወሬ ነው» አልሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዐርብ ዐርብ ከትምህርት በኋላ እየመጣ ስንት ቀን እንደሆነው ይነግረኛል። አንድ ጊዜ ወድቆ እንደገና ጀምሯል። እኔም አልተቆጣሁትም፤ መንገዱን አውቀዋለሁና።

ይህን ሁሉ የጻፍሁት ስሜን ለማስጠራት አይደለም፤ እንዲያውም ነገሩ የሚያሳፍረኝ ነው። ነገር ግን በአንድ ቢሮ ውስጥ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ ይህን ጋዜጣ የሚያነብ፤ ከከንፈሩም ሥር አንድ ቁንጣሪ የያዘ ወንድሜ ቢኖር፤ ዛሬ ማታ መስታወት ፊት ቆሞ ከንፈሩን ገልብጦ ይመልከት ብዬ እለምነዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አንድ የኬሚስትሪ መምህር
ከአዲስ አበባ